አረንጓዴ ክር፣ ሦስት ቋጠሮ

ሥራዬን የጠየቀኝን ሰው ሁሉ «አይጥ አጥማጅ ነኝ» እለዋለሁ። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ሊጨብጠኝ የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ ይሰበስባል። ሁለቱንም ለምጄዋለሁ። የጤና ቢሮው በመታወቂያዬ ላይ የጻፈልኝ የሥራ መደብ ሁለት መስመር ይሞላል፤ ሲጨመቅ ግን ድመት ብትቀጠር የምትሠራውን ነው የምሠራው። ልዩነቱ እኔ የያዝኩትን አለመብላቴ ነው።

አይጥ የበዛበት ቦታ እንሄዳለን፤ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ መጋዘን፣ ወንዝ ዳር። የሽቦ ወጥመዶቼን በመስመር በመስመር እደረድርና በዘይት የታሸ የዳቦ ፍርፋሪ አደርግባቸዋለሁ። ጠዋት የገባውን ሰብስቤ ወደ ላቦራቶሪ እወስዳለሁ። እዚያ ጋሼ የምለው የላቦራቶሪ ባለሙያችን ይከፍታቸውና ኩላሊታቸውን በትንንሽ ብልቃጥ እያደረገ ይመረምራል። አይጥ እሷን ሳያማት በሽታውን በኩላሊቷ ተሸክማ ትኖራለች፤ በሽንቷም የሄደችበት ሁሉ ትረጨዋለች። እርጥብ ወለል ላይ የቆመ፣ እግሩ ላይ ጭረት ያለበት ሰው ካገኘ ይገባበታል። ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል፤ ሲጨርስ ኩላሊት ይዞ ይሄዳል። የመጽሐፍ ስሙ ምላስ ያስራል፤ እኛ ቢሮ ውስጥ «የአይጧ» እንለዋለን።

ለዚህ ሲባል ደንብ አለን። ወጥመድ በዘረጋንበት ቦታ የሚሠራ ሰው ሁሉ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ የቢሮውን የጎማ ቦት ያደርጋል። ቁጥር የተጻፈባቸው ሰላሳ ጥንድ አሉን። ውጤቱ «አለበት» ከሆነ ቦታው ተዘግቶ ይታጠባል፣ ሠራተኛውም ይመረመራል። «ንጹህ» ከሆነ ቦቶቹ ተሰብስበው፣ ታጥበው ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳሉ። ቦቱን የማድለውም የምሰበስበውም እኔ ነኝ።

ክሩ ደግሞ የራሴ ፈጠራ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ብልቃጦቹ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ረጥቦ ቀለሙ ፈሰሰና የሃያ አይጥ አድራሻ ድብልቅልቁ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ብልቃጥ በሰጠኝ ቁጥር አንገቱን በክር አስረዋለሁ። ገበያ ቀይ፣ ትምህርት ቤት ቢጫ፣ ወንዝ ዳር ሰማያዊ፣ መጋዘን አረንጓዴ። ቋጠሮው የመስመሩ ቁጥር ነው። ጋሼ ታዲያ ይስቅብኛል። «ሴትዮ፣ ጥልፍሽን ቤትሽ ሄደሽ ጥለፊ፤ ወረቀት ለምን ተፈጠረና!» ይለኛል። አንድ ቀን ቋጠሮዬን ቆጥሮ አያውቅም።

ጋሼ ወንድሜ አይደለም፤ ወንድም ቢኖረኝ ግን ከእሱ የተሻለ አልመኝም ነበር። አይጥን ማጅራቷን ይዞ ሳይነከሱ ማንሳትን ያስተማረኝ እሱ ነው። ተነክሼ ስጮህ «አይዞሽ፣ እሷም ደንግጣ ነው» እያለ ጣቴን ያጠበልኝ እሱ ነው። እናቴ ስትሞት ሬሳ ሳጥኑን ከፊት ገብቶ የተሸከመልኝም እሱ ነው። ቢሮው ውስጥ ሌላ የማምነው ሰው አልነበረኝም። ኃላፊያችን እንደሆነ ሥራው ማሳደር ነው፤ የቀረበለትን ሁሉ «ለጊዜው ይደር» ስለሚል «አቶ ይደር» ብለነዋል። ጋሼ ግን ያለውን ይላል ብዬ አምን ነበር። ውጤት ሲነግረኝ ወረቀቱን አሳየኝ ብዬው አላውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የእሱ አፍ የእኔ ዓይን ነበር።

በዚያ ዝናብ ወር ተራው የእህል መጋዘኑ ሆነ። እዚያ ታናሽ እህቴ ትሠራለች። ሚጢጢ እንላታለን፤ ስትወለድ ከአንድ ዳቦ አትበልጥም ነበርና። አሁን በአንድ ራስ ትበልጠኛለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ከእናቴ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ አንድ ቤት ነው የምንኖረው። በታችኛው ክፍል ወለል ትጠርጋለች። የዚያ ክፍል ጣራ ስለሚያፈስ ወለሉ ክረምቱን ሙሉ አይደርቅም። ከእሷ ጎን የጋሼ ሚስት ተቀምጣ ጆንያ ትሰፋለች። ምሳቸውን አብረው ይበላሉ፣ ወሬያቸውን አብረው ያወራሉ። ስለ እኔ የሚያሙትን ሳይቀር ሚጢጢ ማታ መጥታ ትነግረኝ ነበር።

ሰላሳ አንድ አይጥ ያዝኩ። በታችኛው ክፍል ለሚሠሩት ለሰባቱም ቦት አደልኩ። የሚጢጢ እግር ቀጭን ነው፤ ቦቱ ሰፍቷት ተረከዟን ይፍቀው ጀመር።

«እትዬ፣ ይኼ ቦት ሊቀብረኝ ነው» አለችኝ በአራተኛው ቀን። «ተረከዜን በልቶ ጨረሰው እኮ!»

«ቻይው፣ ውጤት እስኪመጣ ነው።»

«ውጤቱ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው? ለእሱም ቦት ሰጥታችሁታል መሰለኝ።»

ውጤቱ ማክሰኞ መጣ። ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከቧንቧው ሥር እጁን ይታጠብ ነበር።

«የመጋዘኑስ?» አልኩት።

«ንጹህ ነው።»

«ታችኛውም ክፍል?»

«ንጹህ ነው አልኩሽ እኮ።»

ውሃውን አልዘጋውም። ታጠበ፣ ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ። የሙያው ልማድ ነው ብዬ ጆንያዬን አንስቼ ቦቶቹን ልሰበስብ ወጣሁ።

ሚጢጢ መጥረጊያዋን ተደግፋ አገኘኋት። «ንጹህ ነው፣ አውልቂው!» አልኳት ገና ከበሩ። እሷ ቀልደኛ ብትሆንም ጠንቃቃ ናት።

«አይተሽዋል?» አለችኝ።

«በዓይኔ በብረቱ!»

አላየሁም። ግን አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት፤ ጋሼ ካለው እኔ አየሁት ማለት ነው። ተንበርክኬ ሁለቱንም ቦቶች ከእግሯ ላይ የሳብኩት እኔ ነኝ። ተረከዟ ተልጦ ሥጋው ቀልቷል። «እፎይ!» ብላ በባዶ እግሯ እርጥቡን ወለል ረገጠች፤ ቀዝቃዛው ደስ አላትና እየዘለለች ውሃውን ረጨችብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ስድስት ጥንድ ሰበሰብኩ። ሰባተኛው የጋሼ ሚስት ቦት ነበር። «እሷማ ከትናንት ጀምሮ ቀርታለች፤ ወገቧን ነው አሉ፣ ሥራውን ጨርሳ ለቃለች» አሉኝ ጓደኞቿ። ጋሼ ስላልነገረኝ ቅር አለኝ። በሽተኛ ያለበት ሰው ሐሳቡ የት ይኖራል ብዬ ደግሞ ተውኩት።

ቅዳሜ ዘይት ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ወገብ ማሸት ከእናቴ የተማርኩት ነው። ሴትዮዋ ስታየኝ ደነገጠች፤ አልፈልግም፣ ተሽሎኛል አለች። እኔ ደግሞ እንቢ ሲሉኝ ይብስብኛል። በደረቷ አስተኛኋት።

«የቱ ጋ ነው?» አልኳት።

«እ... እዚህ ጋ። አይ፣ ወደዚህ ነው።»

«ምነው፣ ሕመምሽ እንደ አቶ ይደር ስብሰባ ቦታው አይታወቅም እንዴ!»

አልሳቀችም። እጄን አሙቄ ከላይ እስከ ታች አሸኋት። ፊቷን ትራሱ ውስጥ ቀብራለች።

«ሚጢጢ እዚያው ናት?» አለችኝ ድንገት።

«ታዲያ የት ትሄዳለች? ቦቱ ከወለቀላት ወዲህማ እየዘፈነች ነው የምትጠርገው።»

ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አሟት ነው ብዬ እጄን አለዘብኩ። ስወጣ ጋሼ በር ላይ ቆሞ «እግዜር ይስጥልሽ» አለኝ፤ ዓይኑን ግን ከዘይቱ ጠርሙስ ላይ አላነሳም።

ቦቱ በወለቀ በአሥረኛው ቀን ሚጢጢ ከሥራ ተደግፋ መጣች። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ራሴን፣ ባቴን፣ ባቴን ትላለች፤ ባቷን ስነካው ጮኸች። ዓይኗ ደም መስሏል። በማግስቱ ሆስፒታል አስገባኋት።

የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ናት፤ ቀስ ብላ የምትጠይቅ፣ የሰማችውን ሁሉ የምትጽፍ። ባቷን ነካች፣ ዓይኗን ገልጣ አየች።

«የምትሠራው የት ነው?»

«የእህል መጋዘን።»

«አይጥ አለበት?» አለችና ሳትጨርስ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጉድ። ሳቅሁ። «ዶክተር፣ አይጥ የሌለበት መጋዘን የት ይገኛል? የዚያ ግን ንጹህ ናቸው። አጥማጇ እኔ ነኝ።»

«ውጤቱን አይተውታል?»

«በዓይኔ በብረቱ።»

የጻፈችውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ባለሙያ ያለውን አምና በላዩ ላይ ሰረዝ አደረገችበት። ሌላ መድኃኒት አዘዘች። ያቺ ሰረዝ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሚጢጢ ዓይን ቢጫ ሆነ። ከትናንት ጀምሮ ሽንት የሚባል አልወረዳትም። ስሟን ስጠራት ዘግይታ ነው የምትመልሰው፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሐኪሟ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

«እህቴ፣ እንዳይቀየሙኝ። ልቤ አልተቀበለውም። የአይጦቹን የምርመራ ወረቀት ያምጡልኝ። ከናሙናው የተረፈ ካለም ይምጣና እዚህ እንየው። ኩላሊቷ እየደከመ ነው፤ ጊዜ የለንም።»

ደሜ ፈላ። አሥራ አራት ዓመት የሠራሁበትን ሥራ ይቺ ትናንት የተመረቀች ልጅ ትጠረጥርብኝ? ብቻ የእህቴ ነገር ስለሆነ ዋጥ አድርጌ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቱን አምጥቼ አሳፍራታለሁ እያልኩ ነበር የምራመደው።

ጋሼ ከአቶ ይደር ጋር ስብሰባ ገብቷል። መዝገቡን ራሴ ገለጥኩ። መጋዘን፣ ሰላሳ አንድ፣ ንጹህ፤ የጋሼ ፊርማ። ትንፋሼ ወጣ። በወረቀት ገልብጬ ኪሴ ከተትኩና ናሙናውን ላወጣ ፍሪዘሩን ከፈትኩ።

ንጹህ የተባለው በነጭ ሳጥን፣ በሽታ የተገኘበት በቀይ ሳጥን ነው የሚቀመጠው። ነጩን አወጣሁ። «መጋዘን» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ብልቃጦች በተርታ ቆመዋል። ሁሉም አንገታቸው ላይ ሰማያዊ ክር አስረዋል።

ሰማያዊ በዚያው ሰሞን ያጠመድኩበት ወንዝ ዳር ነው። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ሰማያዊ ነው። ምናልባት ተሳስቼ አስሬ ይሆናል አልኩ፤ ሰው ሲጨንቀው ጥፋቱን ወደ ራሱ ይጎትታል። ከዚያ ቀዩን ሳጥን ከፈትኩ። «ወንዝ ዳር» ይላል ወረቀቱ፤ በጋሼ የእጅ ጽሑፍ፣ ያ የማውቀው የተንጋደደ «ወ»። ክሩ አረንጓዴ ነው። አንዱን አነሳሁና ቋጠሮውን በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው መስመር ታችኛው ክፍል ነው። ሚጢጢ የምትቆምበት። ሌላ አነሳሁ፤ ሦስት። ሌላ፤ ሦስት። አሥራ አንድ ብልቃጥ ላይ ሦስት ሦስት ቋጠሮ ቆጠርኩ። ወረቀቱን ሁሉ አለዋውጦ ለጥፎታል፤ ክሩን ግን አልነካውም። ለአሥራ አራት ዓመት የሳቀበት ጥልፍ ምን ይነግርብኛል ብሎ ይፍታው?

«ምን ፈልገሽ ነው?»

ጋሼ በር ላይ ቆሟል፤ አቃፊውን ደረቱ ላይ አቅፎ። ብልቃጡን ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

«ይኼ የየት ነው?»

«ወረቀቱን አታነቢም?»

«ክሩን አነበብኩት።»

ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ አልታዘዘውም። ፊቱ አመድ መሰለ። አቃፊውን አስቀመጠና እንደ ሽማግሌ ወንበሩን እየተመረኮዘ ተቀመጠ።

«አቶ ይደር ነው» አለ። «አዲሱ እህል እየገባ ነው፣ አሁን መጋዘን ከተዘጋ ጉድ ይፈላል፣ ሦስት ሳምንት ይደር አለኝ። ወንዝ ዳር ብለህ ጻፈው፣ እዚያ የሚደነግጥ ሰው የለም አለ። እኔም ሦስት ሳምንት ምን አላት ብዬ... እንደገና ልንመረምር ነበር። ላንቺም ልነግርሽ ነበር፣ እውነቴን ነው።»

«ሚጢጢ ተኝታለች፣ ጋሼ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሃል? ሦስት ቀን ሙሉ ሰምተህ ነው?»

ያኔ ነው ሌላው የበራልኝ፤ ያም ከፊተኛው ብሶ ወጋኝ።

«ለእኔ ልትነግረኝ ነበር። ለሚስትህስ መቼ ነገርካት?»

ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ወገቧስ?» አልኩት።

«ወገቧን አያማትም።»

የዘይቱ ሽታ መዳፌ ላይ መጣብኝ። ያልታመመ ወገብ ነው ያሸሁት። እኔ እዚያ ተንበርክኬ እጄን ሳሞቅ፣ እህቴ በተላጠ ተረከዟ የአይጥ ሽንት ላይ ቆማ ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም «እግዜር ይስጥልሽ» ብለው ሸኙኝ።

«ሚስቴ ናት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን ላድርግ?»

«እሷም እህቴ ናት!»

«ላንቺ ብነግርሽ ዝም አትዪም ነበር። አውቅሻለሁ።»

ይህን እንደ ምክንያት ነበር የተናገረው። ታማኝ ስለሆንሽ ደበቅኩሽ ማለቱ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉትን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬያለሁ፤ ሲወድቁ ምን ያህል እንደሚያም ግን ተረቱ አይናገርም። ልጮህበት ነበር፣ ልመታው ነበር፣ ላለቅስ ነበር። ጊዜ አልነበረኝም። ቀዩን ሳጥን በብብቴ ያዝኩ።

«ከመንገዴ ይነሱልኝ» አልኩት።

አሥራ አራት ዓመት «አንተ» ያልኩትን ሰው ያን ቀን «አንቱ» አልኩት። ክብር እንዳልሆነ እሱም ገባው፤ ቀና ብሎ አየኝና ተነስቶ በሩን ለቀቀልኝ።

ሆስፒታሉ ድረስ ሮጥኩ። የዕድሜዬን ነገር ረስቼ፣ ሳጥን ታቅፌ፣ በመኪና መሃል ሮጥኩ። ሐኪሟን ኮሪደር ላይ አገኘኋትና ትንፋሼ እየተቆራረጠ «አላየሁም ነበር» አልኳት። «አይቻለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። አላየሁም ነበር።» አንድም ቃል ሳትወቅሰኝ ወደ ክፍሉ ገባች። መድኃኒቱ ወዲያው ተለወጠ። በዚያው ቀን ማሽን አምጥተው የኩላሊት እጥበት ጀመሩላት። በኋላ ስጠይቃት «በመጀመሪያው ቀን ብንጀምር ኖሮ...» አለችና ተወችው። የቀረውን እኔ በልቤ ጨረስኩት፤ ሦስቱ ቀን የእኔ ነው።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ ቢሮ ተመልሼ ያለውን ቦት ሁሉ ጫንኩና መጋዘን ሄድኩ። በአፌ ነገርኳቸው፤ ዋሽቼያችኋለሁ፣ አለበት አልኳቸው። ሁለቱ ራስ ምታት ጀምሯቸው ነበር፤ በጊዜ ታከሙ። በማግስቱ መጋዘኑ ተዘጋ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ መጀመሪያ ከሥራ የታገደው በር ላይ የሚቀመጠው ዘበኛ ነበር፤ እሱ ምን እንዳጠፋ እስከ ዛሬ የነገረው የለም። አጣሪዎቹ ፊት ስቀርብ አቶ ይደር «በክር ነው የምትከሱን? ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ አሉ!» ብሎ ሰዎቹን ሊያስቅ ሞከረ። የሆስፒታሉ ምርመራ ከክሬ ጋር አንድ በአንድ ገጠመ። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። እሱም ጋሼም ከሥራ ወጥተው አሁን ቤታቸው ናቸው።

የጋሼ ሚስት አንድ ቀን የሾርባ ዕቃ ይዛ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ክስት ብላለች።

«ልንገርሽ ብዬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ወገብሽ ላይ ነበርኩ» አልኳት። አልፌያት ገባሁ። ዕቃውን ግን የሆስፒታሉ ዘበኛ ጋ ትታው ሄደች፤ ማን እንደጠጣው አላውቅም።

ሚጢጢ በሰባተኛው ቀን ዓይኗ ጠራ። በአሥረኛው ቀን ተደግፋ ተቀመጠች። ሐኪሟ ኩላሊቷ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ነገረችን፤ መድኃኒት በሰዓቱ፣ ውሃ በልኩ፣ ውሃውም የፈላ ብቻ። በሕይወት አለችልኝ። ለእኔ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል አልኩ። ይህን ሁሉ ጉድ ሳወራላት አብረን የምናለቅስ፣ አብረን ጋሼን የምንረግም መስሎኝ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከክሩ ጀምሮ ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ ወገቡን፣ ሁሉንም።

ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ጋሼ ነው የከዳን» አልኩ ስጨርስ።

«አንቺን ከድቶሻል» አለች። ድምፅዋ ገና ደካማ ነው። «እኔን ጋሼ ምን አለኝ? ጋሼን የማውቀው በመንገድ ሰላምታ ነው። እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው፣ እትዬ። አይተሽዋል አልኩሽ።»

የብርድ ልብሷን ጫፍ ማስተካከል ጀመርኩ።

«ቦቱን ከእግሬ የሳብሽው አንቺ ነሽ።» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በንዴት አልነበረም የተናገረችው፤ በንዴት ብትናገረው እመልስላት ነበር። ንዴቷን አውቀዋለሁ፣ በቀልድ አበርደው ነበር። ይኼኛውን በምን እንደማበርደው አላወቅሁም።

ቤት ከገባን ሁለት ሳምንት ሆነን። ትቀልዳለች፣ ትስቃለች፤ ከጎረቤት ጋር ስትሆን ያቺው ሚጢጢ ናት። ከእኔ ጋር ስትሆን ግን ጨዋ ሆናብኛለች። አመሰግናለሁ ትለኛለች። እህት ለእህቷ አመሰግናለሁ ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ዛሬ ጠዋት መድኃኒቷን የምትውጥበትን ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፤ አልጠጣችውም። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው።

«ፈልቷል?»

«ፈልቷል፣ ሚጢጢዬ።»

ክኒኑ መዳፏ ላይ ነው።

«አይተሻል?» አለችኝ።

እውነትም ፈልቶ ነበር። ድስቱ አጠገብ ቆሜ ሲንተከተክ አይቼዋለሁ፣ ከእሳቱ ያወረድኩት እኔ ነኝ። በዓይኔ በብረቱ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣልኝም። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ ደፋሁት። ከዚያ ምድጃውን ተሸክሜ ከአልጋዋ ፊት ለፊት አስቀመጥኩ፤ ውሃውን እያየችኝ ቀዳሁ፣ እያየችኝ ጣድኩ። ድስቱን ሳልከድን ሁለታችንም እስኪፈላ ተቀምጠን ጠበቅን።